ከበሩ ሥር ያለው ብረት

የቢኤምደብሊው ኢ9 ኩፔ አራቱም መስታወቶቹ ሲወርዱ በፊትና በኋላ ወንበር መካከል አንዳች ምሰሶ አይቀርም። ከፊት መስታወቱ ጥግ እስከ ኋላው ድረስ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ጣሪያውም በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1968 2800 ሲኤስ ተብሎ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ብዙ ሰው የወደደው በዚህ ነው። ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ አብሮት ሊኖር የቆረጠ ሰው ግን መስታወቱን አድንቆ አያበቃም። ይንበረከክና ከበሩ ሥር በሁለቱም ጎን የተዘረጋውን ብረት ያያል። የመሐል ምሰሶ ያለው መኪና ሸክሙን ከጣሪያው ጋር ይካፈላል። ኢ9 ግን አብዛኛውን የሚሸከመው በወለሉና በዚህ ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት ነው። ብረቱ ከዛገ በሩ መውረድ ይጀምራል፣ መስታወቱ ከጎማው ጋር አይገጥምም፣ መኪናውም ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይላወሳል።

ሞተሩ የሙኒኩ የቢኤምደብሊው ነው፤ አካሉን የሠራው ግን የጀርመኑ የካርማን ፋብሪካ ነበር። ካርማን አካል በመሥራት የተመሰገነ ቤት ነበር። በዚያ ዘመን ግን የተደራረበ ላሜራ ከተበየደ በኋላ ውስጡን በሰም ወይም በዘይት መከላከል ገና አልተለመደም ነበር። ጭቃና የክረምት መንገድ ጨው በጎማው በኩል ገብተው ከፊት ፓራፋንጎ በስተጀርባ ይከማቻሉ። ፀሐይም ነፋስም አያገኛቸውምና እዚያው እንደረጠቡ ይቀመጣሉ። ስለዚህ የኢ9 ዝገት የሚሄደው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በፓራፋንጎው አናት ላይ ትንሽ እባጭ የታየ ቀን ከሥሩ ያለው የአሞርዛተር መቀመጫ ቀድሞ ተበልቷል ማለት ይቻላል። ከዳሽቦርዱ በታች ያለው የፊት ምሰሶ ግርጌ፣ ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበት ወለል፣ የኋላ ጎማ ቅስት፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይመረመራሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ማግኔት ይዞ መዞርን ያውቃል። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ለኢ9ም ይኸው ዘዴ ይሠራል። ሲኤስኤል የተባለው ቀለል ያለ ዝርያ ላይ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። የሲኤስኤል በሮች፣ የፊትና የኋላ ኮፈኖቹ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። እዚያ ማግኔቱ በሩን ከያዘው የሚሸጠው መኪና በስሙ ብቻ ሲኤስኤል ነው፣ ወይም በሩ ተለውጧል።

ሥራው የሚከብደው ከበሩ ሥር ያለውን ብረት መለወጥ ላይ ነው። ጥሩ የላሜራ ባለሙያ መቁረጫውን ከማንሣቱ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ዘንጎች አግድሞሽና ሰያፍ አድርጎ ያስራል። አንዱን ጎን ጨርሶ ካልበየደ ሌላውን አይነካም። የበሰበሰው ሲወጣ አዲሱን ቁራጭ በጥቂት ነጥብ ብቻ ያያይዘዋል። ከዚያ በሩን መልሶ ይሰቅላል፣ ይዘጋል፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ያያል፣ መስታወቱንም አውጥቶ ይሞክራል። ክፍተቱ ወደ አንድ ወገን ከጠበበ ነጥቦቹን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ሙሉ ብየዳው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ሙቀቱ ላሜራውን እንዳያጣምመው አጠር አጠር እየተደረገ። ይህን የዘለለ ሰው መኪናውን ጠምዝዞ ይበይደዋል፤ ከዚያ ወዲያ በሩን ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም።

ገንዘብና ትዕግሥት አስቀድመው መዋል ያለባቸው እዚህ ነው። ቀለም፣ ቆዳ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ሁሉም ቆይቶ ይደርሳል። በተበላ ብረት ላይ ውድ ቀለም ማስቀባት ኢ9ን ከሚገድሉ ነገሮች ዋናው ነው። ከተሠሩት 30 ሺህ ገደማ መኪኖች ለዛሬ የተረፉት ጥቂት የሆኑት በሞተር ብልሽት ሳይሆን በዝገት ምክንያት ነው።

ሞተሩማ ሌላ ዓለም ነው። በስያሜው ኤም30 የሚባለው ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ወደ ጎን 30 ዲግሪ አዘንብሎ ይቀመጣል። ሞኖብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። 3.0 ሲኤስ በሁለት ካርቡራተር 180 የፈረስ ጉልበት፣ ሲኤስአይ ደግሞ በቦሽ ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ 200 ይሰጣል። ይህ የሞተር ቤተሰብ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሥራ ላይ ስለቆየ መለዋወጫው አሁንም ይገኛል። ብርቱ ጠላቱ ሙቀት ነው። ውሃው አንድ ጊዜ ከፈላ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ራዲያተሩን ሳይፈስ ያስጠርገዋል፣ ቴርሞስታቱንና የውሃ ቱቦዎቹን ሳይበላሹ ይለውጣቸዋል።

የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል የሚወደድ ሥራ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ክፍተቱ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ቫልቩን በሚገፋው ክንድ ጫፍ ላይ መሐሏ ወዲያና ወዲህ የተዛባ ትንሽ ክብ ብረት አለች፤ በጎኗ ቀዳዳ አላት። ሠራተኛው ዳዶውን ያላላል፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ቀዳዳዋ ውስጥ ያገባል፣ በሌላው እጁ የልኬት ብረቱን ይዞ ክቧን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል። ልኬቱ ሲወጣ ለስለስ ያለ መያዝ ከተሰማው ዳዶውን ያጠብቃል። ሲያጠብቅ ክቧ ትንሽ ስለምትንሸራተት እንደገና ይለካል። በዚህ ሁኔታ 12 ቫልቭ ይዳረሳል።

ሽፋኑ በተከፈተበት አጋጣሚ ሳይታይ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ከካምሻፍቱ በላይ ዘይት የሚረጭ ቀጭን ቱቦ በውስጠ ክፍት ቡሎኖች ታስሮ ይኖራል። ቡሎኖቹ በንዝረት ብዛት ይላላሉ። ያን ጊዜ ዘይቱ በመጋጠሚያው በኩል ያመልጥና ካምሻፍቱ ይጠማል፤ እብጠቶቹ እየተበሉ ያልቃሉ። ከውጭ የሚታይ ምልክት የለውም። በአዲስ ማኅተም ቀለበት አጥብቆ ማሰር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ሳይታሰር ቢቀር ግን ጠቅላላ ቴስታታውን ያስወርዳል።

ወደ ማሻሻሉ እንለፍ። በዋናው ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ አራተኛው ቀጥታ ስለሆነ በረጅም ጎዳና ላይ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ረጅም መንገድ በምቾት ለመሄድ የተሠራ መኪና እንዲህ ባይሆን ይመረጣል። ከኋለኞቹ ቢኤምደብሊዎች የተወሰደ ባለአምስት ማርሽ ጌትራግ ካምቢዮ አምስተኛው 0.81 ስለሆነ የሞተሩን ዙር አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ካምቢዮው ረዘም ስለሚል ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ማጠር አለበት፣ የካምቢዮ መያዣውም ይስተካከላል። ላሜራው ግን አይቆረጥም፤ የወጣው ካምቢዮ ነገ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ለዚህ መኪና ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ እንደዚህ የሚያረካ የለም።

ፑንቲናውን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማስገባትም የዚሁ ወገን ነው። ካርቡራተሩ ግን ያከራክራል። ዋናዎቹ የዜኒት ካርቡራተሮች ክዳናቸው በሙቀት ይጣመማል፣ ከሥራቸው አየር ያስገባሉ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ያስቸግራሉ። ብዙ ሰው አውልቆ የዌበር ካርቡራተር ይገጥማል። ዌበር ቀላልና አስተማማኝ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ዜኒቱ የሚወልቀው ተበላሽቶ ሳይሆን የሚያስተካክለው ሰው ጠፍቶ ነው፤ ፊቱ ተሞርዶ፣ ማኅተሙ ታድሶ በትክክል የተሠራ ዜኒት በለስላሳነቱ አያሳፍርም። የሲኤስአይ የነዳጅ መርጫም እንዲሁ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ኮምፒውተሩ ከመከሰሱ በፊት የደረቁ ሽቦዎችና የዛጉ የኔጌቲቭ መያዣዎች ቢታዩ ብዙው ችግር እዚያው ይፈታል።

የሲኤስኤልን መልክ በተራ ሲኤስ ላይ ማልበስ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲኤስኤል ለውድድር ፈቃድ ተብሎ በ1972 ሲሠራ ላሜራው ሳስቶ፣ የድምፅ መከላከያው ተነሥቶ 200 ኪሎ ገደማ ቀለለ። በ1973 የተጨመሩት ክንፎች በጀርመን መንገድ ላይ ስላልተፈቀዱ ለገዢው የተሰጡት በዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጭነው ነበር። በእነሱ የአውሮፓን የቱሪንግ ሻምፒዮና በ1973፣ ከዚያም ከ1975 እስከ 1979 በየዓመቱ የዚህ መኪና ነጂዎች ወሰዱ። ያ ክንፍ በውድድር ፍጥነት የኋላውን ጎማ መሬት ላይ ለመጫን የተቆረጠ ነው። በከተማ ፍጥነት ለሚሄድ ሲኤስ የሚሠራለት ነገር የለም፤ ይልቁንም የመኪናውን ጥርት ያለ የኋላ መስመር ይሸፍንበታል። ከሁሉም ይልቅ ዝነኛው ለውጥ አንድ ቡሎን እንኳ አልፈለገም፤ አሜሪካዊው ቀራፂ አሌክሳንደር ካልደር በ1975 ለለማን ውድድር የቀረበውን ሲኤስኤል ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አለበሰው።

ጀርመን ውስጥ ማሻሻልን የሚገድብ ሕግም አለ። ከ1997 ጀምሮ 30 ዓመት የሞላው መኪና በምርመራ ካለፈ ሰሌዳው ላይ ኤች የሚል ፊደል ያገኛል፣ የዓመት ግብሩም 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። መርማሪው የሚቀበለው መኪናው ከተመዘገበ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ሊደረግ ይችል የነበረን ለውጥ ነው። በ1972 ለተመዘገበ ኢ9 በ1978 የወጣው የ635 ሲኤስአይ መኪና ክፍሎች በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ከትናንት ወዲያ የተሠራ ሞተር ግን አይወድቅም።

የተገጠመው ክፍል የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለማስረዳት ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ ከደረሰኙም በላይ ፎቶ። በሰምና በቀለም ከመሸፈኑ በፊት የተነሣ የብየዳ ፎቶ ለሚቀጥለው ገዢ ከማንኛውም ማብረቅረቅ ይልቅ ዋጋ አለው። ታድሷል የተባለ ኢ9 ያለ ፎቶ ሲቀርብለት ልምድ ያለው ገዢ ምንጣፉ እንዲነሣለት ይጠይቃል፤ ሻጩ ካቅማማ አመስግኖ ይሄዳል።