የሙቀት ሴንሰር ሥራ ጥራቱ በምን ይታወቃል?

በአርዱዪኖ ቦርድ የሚሠራ የእንቁላል መፈልፈያ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ስክሪኑ ላይ ነው። 37.5 የሚል ቁጥር ካየ ይረካል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ቁጥሩን ለመጨረሻ ትቶ ከሽቦው ይጀምራል። ለዚህ ሥራ ብዙዎች የሚመርጡት ዲኤስ18ቢ20 የተባለ ዲጂታል ሴንሰር በጥንቃቄም ይገናኝ በግዴለሽነት፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ቁጥር መታየቱ ብቻ ምስክር አይሆንም። ጥሩ ሠሪ የሚለየው፣ ሴንሰሩ መልስ መስጠት ሲያቅተው ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አስቦበት ከሆነ ነው።

ሴንሰሩ ሦስት እግር አለው። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እኛ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገን ስንይዘው ግራው ግራውንድ፣ መካከለኛው ዳታ፣ ቀኙ ኃይል ነው። ግራና ቀኙ ከተቀያየሩ ጣት እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል። ውኃ እንዳይገባው በብረት ቱቦ የታሸገውን ዓይነት የሚያገናኝ ሰው ደግሞ የሽቦውን ቀለም ብቻ ማመን የለበትም። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የተለመዱ ቢሆኑም ሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ቀለም አይጠቀምም።

ሙያ በደንብ የሚታየው አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ላይ ነው። በዳታው ሽቦና በኃይሉ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም መኖር አለበት። ቦርዱም ሴንሰሩም ሲነጋገሩ የዳታውን መስመር ወደ ዜሮ ቮልት ይስቡታል እንጂ ወደ ላይ አይገፉትም፤ ሲለቁት መልሶ የሚያነሳው ሬዚስተሩ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ይህን ትቶ በአርዱዪኖ ኡኖ ቺፕ ውስጥ በተሠራው ይተማመናል። የውስጡ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሚደርስ አነሳሱ ደካማ ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በስንዝር ሽቦ፣ ሊሠራ ይችላል፤ ሽቦው ጥቂት ሜትር ሲረዝም ግን ንባቡ መቆራረጥ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ሥራ በማሳያው ቀን ያምራል፣ ገዢው ቤት ገብቶ ይበላሻል። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሬዚስተሩ አብሮ የተገጠመላቸው ትንንሽ ሞጁሎች ይሸጣሉ። አምስቱን በአንድ መስመር ላይ የደረደረ ሰው ሳያስበው ጠቅላላ ሬዚስታንሱን ከ1 ኪሎ ኦም በታች ያወርደዋል። ያኔ በ5 ቮልት ከ5 ሚሊአምፔር በላይ ይፈስሳል፤ የሴንሰሩ አምራች ዋስትና የሚሰጠው ግን ለ4 ሚሊአምፔር ነው። በአንድ መስመር ላይ ስንትም ሴንሰር ይኑር፣ ሬዚስተሩ አንድ ይሁን።

የሽቦ መጋጠሚያውን ማየት ጊዜ አይፈጅም። መፈልፈያ ውስጥ እርጥበት አለ። ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ እዚያ ዕድሜ የለውም፤ ተበይዶ፣ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ የተሸፈነ ይሁን። ሴንሰሩም ከአምፖሉ አጠገብ ሳይሆን በእንቁላሎቹ ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት።

ወደ ኮዱ ስንመጣ ሁለት ቁጥሮችን መፈለግ ይበቃል፦ 85 እና ከዜሮ በታች 127። ሴንሰሩ ኃይል ሲያገኝ፣ ገና ምንም ሳይለካ፣ ውስጡ የሚቀመጠው 85 ዲግሪ ነው። በሙሉ ጥራቱ ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮዱ ከቸኮለ ይህን ባዶ 85 እንደ እውነተኛ ሙቀት ያነበዋል። ከዜሮ በታች 127 ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የአርዱዪኖ ላይብረሪ ሴንሰሩን ሲያጣው የሚመልሰው ቁጥር ነው። አሁን የመፈልፈያውን ኮድ አስቡት፦ «ሙቀቱ ከ37.5 ካነሰ ማሞቂያውን አብራ»። ሽቦው ሲላቀቅ ኮዱ የሚያየው አስፈሪ ብርድ ነው፤ ማሞቂያውን ያበራል፣ አያጠፋውም። ገበሬው ሃያ አንድ ቀን የጠበቀው እንቁላል በአንድ ሌሊት ይቀቀላል። ይህ ለእኔ ይቅርታ የሌለው ጉድለት ነው፤ ሁለት መስመር ኮድ ይከላከለዋልና።

የቁጥሩ አጻጻፍም ስለ ሠሪው ይናገራል። ሴንሰሩ በ0.0625 ዲግሪ እርምጃ ይቆጥራል፤ አምራቹ የሚያረጋግጠው ትክክለኛነት ግን ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ እስከ 85 ድረስ ግማሽ ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ነው። ስክሪኑ ላይ 37.5625 የጻፈ ሰው ያላረጋገጠውን ቃል እየሰጠ ነው። አንድ አሐዝ ከነጥቡ በኋላ በቂ ነው።

ገበያ ላይ አስመስለው የተሠሩ ሴንሰሮች ስላሉ፣ ፈትኖ የማያስረክብ ሠሪ አይታመንም። የተፈጨ በረዶ ከውኃ ጋር በደንብ ተማስሎ የታሸገው ሴንሰር ሲነከርበት ወደ 0 መቅረብ አለበት። በፈላ ውኃ የሚፈትን ግን የቆመበትን አገር ይወቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሴንሰሩ 92 ሲል «ተሳስቷል» ብሎ ኮዱ ላይ 8 የሚደምር ሰው ደህናውን ሴንሰር ውሸታም ያደርገዋል። ለመፈልፈያ ከሁሉም የሚሻለው ፈተና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ፣ 37 ዲግሪ አካባቢ፣ ከታመነ የሕክምና ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።

መፈልፈያ የምትገዙ ሰዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሠሪው ማሽኑ እየሠራ እያለ የዳታውን ሽቦ ፊታችሁ ይንቀል። ማሞቂያው ጠፍቶ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ግዙት። ማሞቂያው ከቀጠለ፣ ሣጥኑ ምንም ያህል ቢያምር፣ አትግዙት።