ስህተት ነው ያለው ሰውዬ

ሰፈር ውስጥ «የህንድ ፊልም» ስንል ሂንዲ ማለታችን ነበር። ታሚሎች የራሳቸው ትልቅ ሲኒማ እንዳላቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ያስገባኝም «ቲሩቪላያዳል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ፣ ስለ ሺቫ የሚተርክ መንፈሳዊ ፊልም ነው። ርዕሱን «የአምላክ ጨዋታ» ብንለው ያስኬዳል።

በአንድ ፍሬ ምክንያት ያኮረፈውን ልጇን ሙሩጋንን ለማባበል እናቱ ፓርቫቲ አራት ታሪክ ትነግረዋለች። እኔ እየተመላለስኩ የማየው የመጀመሪያውን ነው። የማዱራይን ንጉሥ አንድ ነገር ከንክኖታል፦ የሴት ልጅ ፀጉር የራሱ የተፈጥሮ መዓዛ አለው ወይስ የለውም? ጥርጣሬውን በግጥም ለፈታለት 1,000 ወርቅ ይሰጣል። ዳሩሚ የሚባል ድሃ ገጣሚ ቤተ መቅደስ ገብቶ ዕድሉን ያማርራል። የሚጫወተው ናጌሽ ነው፤ አንገቱ፣ እጁ፣ ድምፁ ሳይቀር ችግረኛ ነው፣ እያሳቀ አንጀት ይበላል። ሺቫ ገጣሚ መስሎ ይመጣና የራሱን ግጥም ይሰጠዋል። የሚገርመው፣ ዳሩሚ ከመቀበሉ በፊት አምላክን በጥያቄ ያፋጥጠዋል!

ግጥሙ ሲነበብ ንጉሡ ይደሰታል። ሊቁ ናኪራር ግን ተነስቶ ስህተት አለበት ይላል፤ መዓዛው ከአበባና ከሽቶ እንጂ ከፀጉሩ አይደለም። ሺቫ ተቆጥቶ ራሱ ሸንጎ ይገባል። ክርክሩ ይጦፋል። በመጨረሻ የግንባሩን ዓይን ይከፍታል። ናኪራር ማን ፊት እንደቆመ አውቆም ቃሉን አያጥፍም፤ ይቃጠላል።

እዚህ ጋ ሁሌ ፊልሙን አቆመዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሲኒየር ኮድ ሪቪው እንዳደርግ ተሰጠኝ። ስህተቱን አየሁት። እሱ ከሆነ የጻፈው ያልገባኝ እኔ ነኝ ብዬ አፕሩቭ አደረግኩ። ሌሊት ሲስተሙ ወደቀ። የእኔ ሲኒየር እንኳን ሦስተኛ ዓይን፣ መነጽሩን ሳያደርግ ስክሪን አያነብም።

ናኪራርን የሚጫወተው ማን መሰላችሁ? ኤ. ፒ. ናጋራጃን፣ የፊልሙ ዳይሬክተር። ሺቫ ደግሞ ሲቫጂ ጋኔሳን ነው፣ በዘመኑ ከታሚል ሲኒማ ታላላቅ ኮከቦች አንዱ። ሰዎች አምላካቸውን ሊያዩ በሚመጡበት ፊልም ውስጥ ዳይሬክተሩ ለራሱ የመረጠው ቦታ አምላኩን የሚያርመውን ሰው ነው። ሲቫጂ ድምፁን እንደ ቲያትር ሲያስገመግም እሱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ቆሞ ይመልሳል። ትዕይንቱን የያዘው ይሄ መቆም ነው።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ትንሽ ይፈራል። ናኪራር ነፍሱ ይመለስለታል፣ ሁሉም ነገር የአምላክ ጨዋታ ነበር ይባላል። ታዲያ መዓዛውስ? ጥያቄው በቁጣውና በይቅርታው መሃል ይጠፋል።

ሌሎቹ ታሪኮች ለእኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ። የዓሣ አጥማጁ ይረዝማል፣ የሲቫጂ አረማመድ ግን ይታያል። የመጨረሻውን፣ የዘፋኞቹን ፉክክር፣ የኬ. ቪ. ማሃዴቫን ሙዚቃ ይሸከመዋል። የሚቆረቁረኝ መሃል ላይ ነው። ሚስትየዋ አንዴ አልታዘዝ ብላ ወደ አባቷ ድግስ ስለሄደች፣ አንዴ ደግሞ ባሏ ሲያስተምር ልቧ ሌላ ጋ ስለሄደ ትቀጣለች። ለሊቁ ሸንጎ ነበረው፣ ንጉሥና ምስክር ነበረው። ለእሷ ማንም አልተሰበሰበም። ይህንን ሁሉ ለልጇ ቁጭ ብላ የምትተርከው ደግሞ ራሷ ናት፣ በፈገግታ።