«እስከ» የሚለው ፍች የሸፈነው ልዩነት

ጊዜን ከሚያመለክቱት የእንግሊዝኛ መስተዋድዶች መካከል «ባይ» እና «አንቲል» በአያሌ ክፍሎች በአንድ የአማርኛ ቃል፣ ይኸውም በ«እስከ»፣ ሲፈቱ ይታያል። ፍችው የመምህሩን ጊዜ ይቆጥባል፤ ተማሪውን ግን ለስሕተት ይዳርገዋል።

አንድ ዕጩ መምህር የማስተማር ልምምድ ሲያደርግ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። ሁለቱን ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከጎናቸው «እስከ» በማለት አለፈ። ወዲያው አንዲት ተማሪ «የቤት ሥራዬን እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ» ለማለት «አንቲል ፍራይዴይ» ብላ ጻፈች። እርሱም አረመላት፤ ምክንያቱን ስትጠይቀው ግን «እንግሊዞች እንዲህ አይሉም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ልጅቱ የተሰጣትን ነበር የመለሰችው።

አማርኛ ልዩነቱን አያውቅም ማለት አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያሸክመው ለግሡ ነው። «እስከ ዓርብ እሠራለሁ» ሲባል ሥራው ሳይቋረጥ ዓርብ ይደርሳል። «እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ» ሲባል ግን ፍጻሜው ዓርብ ሳያልፍ በአንዱ ቀን ይውላል። እንግሊዝኛ ለፊተኛው «አንቲል»ን፣ ለኋለኛው «ባይ»ን ይመድባል።

እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በሆነባቸው ክፍሎች ጉዳቱ ወደ ሌሎች ትምህርቶች ይዛመታል። ናይጄሪያ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1960 ነው። የታሪክ መጽሐፍ «በ1960 ማለቂያ ናይጄሪያ ነፃ አገር ሆና ነበር» የሚለውን ሐሳብ በ«ባይ» ቢያቀርበው፣ «እስከ»ን ብቻ የተማረው ልጅ «እስከ 1960 ማለቂያ ነፃ ነበረች» ብሎ ይረዳዋል። ነፃነቷን ያገኘችበትን ዓመት ያጣችበት አደረገው ማለት ነው።

በአሉታ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ነገሩ ይረቃል። «እስከ ዓርብ አልመጣም» የሚለው አማርኛ ሰውዬው በኋላ መምጣት አለመምጣቱን አይነግረንም። በ«አንቲል» የተነገረው እንግሊዝኛ ግን እንደ ልማዱ «የመጣው ዓርብ ነው» ማለት ነው። በ«ባይ» ሲነገር፣ ዓርብ ደርሶም እንዳልመጣ ብቻ ያስታውቃል።

ለ«ባይ» «ሳያልፍ» የሚለው ፍች ይሻላል እላለሁ። «በፊት» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን «ከዓርብ በፊት» ዓርብን ራሱን ያስቀራል፣ «ባይ» ግን ይጨምረዋል። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው «ባዶውን ቦታ ሙላ» መልመጃም መስተዋድዱን ብቻ ስለሚያስፈልግ ተማሪው ግሡን ሳያስተውል ይገምታል። አዘጋጆቹ መስተዋድዱን ጽፈው ግሡን ባዶ ቢተዉት፣ ተማሪው «መጠበቅ» ከየትኛው፣ «መድረስ» ከየትኛው እንደሚሄድ ራሱ ለመመርመር ይገደዳል።