የእግር መንገድ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር ታሪክ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ምስጋናው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው፤ መጽሐፉ የእግረኛም መጽሐፍ ነውና። በዛብህ አገሩን ማንኩሳን ትቶ ለትምህርት ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌልም በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ እርሱን ፍለጋ ትወጣለች። ድኻው ተማሪ በችግር የለመደውን የእግር ጉዞ፥ እመቤቲቱ በፍቅር ፈቃድ ትቀበለዋለች። በፊታውራሪ አዳራሽ እኩል ያልሆኑት ሁለቱ በመንገድ እኩል ይሆናሉ። እንግዲህ መንገዱ ሰም፥ እኩልነቱ ወርቅ ነው። ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በእግሩ ወይም በብስክሌት የሚወጣ ሰው የተራራውን ውበት ብቻ አድንቆ ቢመለስ፥ ሰሙን እንጂ ወርቁን አላገኘም። በዚያ ዳገት ማን በበቅሎ፥ ማን በባዶ እግሩ እንዳለፈ ሊጠይቅ ይገባዋል።