ሚዛኑና አዝመራው፤ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተናና ስለ አስተማሪዎች ዝግጅት

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በተከታዩ ፈተና 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ፈተናው ኩረጃን ለመከልከል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተዛወረው በዚያው በመጀመሪያው ዙር ነበር።

ይህን አይተው «የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ፍርዱ ቸኩሏል እላለሁ። ኩረጃን መከልከል ተገቢ ነው፤ ቁጥሩም እውነቱን ገለጠልን እንጂ አልበደለንም። ዳሩ ግን ሚዛን እህልን ይመዝናል እንጂ እህል አያበቅልም።

ስለ አዝመራው እንጠይቅ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙው ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። የክፍለ ጊዜውን ትልቅ ድርሻ መሣሪያው ሲወስድ፥ ለአስተማሪው መግቢያና መዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀረው ነበር። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ መሣሪያው ቆሞ አይጠብቀውም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአስተማሪነት ሙያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በአንድ ዓመት ዲፕሎማ እንዲሰጥ ተደረገ። ዓላማው የትምህርቱን ዕውቀት ማጥለቅ ነበር፤ ነገር ግን ማስተማር በመጨረሻ የሚደረብ ካባ ሆኖ ቀረ።

ለማስተማር ልምምድ በሄድሁበት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ አፈር መሸርሸር ሳስረዳ፥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ጠያቂ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። «ቲቸር፥ ይህ በፈተና ይመጣል?» አለኝ። እንጃ ብለው ደብተሩን ዘጋ። ልጁን ልወቅሰው አልቻልሁም። ብሔራዊው ፈተና ከአማራጮች አንዱን ፊደል መምረጥን እንጂ ምክንያትን ጽፎ ማስረዳትን አይጠይቅምና፥ ልጁ የተማረው ፈተናው ያስተማረውን ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ድርሰታችን በቀይ ቀለም ታርሞ ይመለስልን ነበር፤ ሆኖም እኛ በአንድ ክፍል 30 ነበርን፤ እዚህ ግን በአንድ ዴስክ አራት ልጆች ተቀምጠዋል። ይህን ሳያስቡ ማወዳደር ግፍ ነው።

«ፈተናው ካልጠበቀ ማን ይተጋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ፍርሃት ተማሪን ያስቀምጠዋል እንጂ አያስጠይቀውም። የሚያስጠይቀው ጥያቄ የማይፈራ አስተማሪ ነው፤ እንዲህ ያለው አስተማሪም የሚገኘው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በነባር አስተማሪ ሥር ክፍል እየገባ ሲለማመድ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የየትምህርት ቤቱ ውጤት ሲገለጥ፥ በየትምህርቱ ስንት የሠለጠነ አስተማሪ እንደ ነበረውና በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደ ተቀመጠ በአጠገቡ ይጻፍ። ያን ጊዜ ማን እንደ ወደቀ እናውቃለን።