ውሃ በመጣበት ሲመለስ

እ.ኤ.አ. በ1969 በማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ የሚገኘው የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሁለት ጨዋታ ብቻ አድርጎ የዓመቱን ውድድር አቋረጠ። ከ97 ተጫዋቾችና አሠልጣኞች 90ው በሄፓታይተስ ተይዘው ነበር። ጥፋቱ የወጥ ቤቱ አልነበረም። በአካባቢው እሳት ተነሥቶ ብዙ ውሃ ሲሳብ የመስመሩ ግፊት ወደቀ፤ በልምምድ ሜዳው አጠገብ፣ የሣር ማጠጫ ቧንቧ በተቀበረበት ጉድጓድ የተጠራቀመው ቆሻሻ ውሃም ወደ ቧንቧው ተመጠጠ። በሽታው የነበረባቸው ሕፃናት በጉድጓዱ ውስጥ ተጫውተው ነበር። ተጫዋቾቹ የጠጡት ከዚሁ መስመር ነበር።

ዉስተር ለመታመም እሳት አስፈልጓት ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር ግን ግፊት መውደቁ የየሳምንቱ ነገር ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ሲወርድ ማንም ስለ ቧንቧው አይጨነቅም፤ ጥንቁቅ የቧንቧ ባለሙያ የሚያስበው ግን ስለሚጠፋበት ሰዓት ነው። ያኔ ባዶው መስመር ያገኘውን ይስባል፦ ጫፉ የልብስ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ የተነከረ ጎማ፣ ከፍሳሽ ጎን የተቀበረ ስንጥቅ ቧንቧ። ፓምፑን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ያያያዘ ጎረቤት ካለ ደግሞ መሳቡ ይብሳል።

ብዙዎች መፍትሔው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቼክ ቫልቭ ነው ይላሉ። ይረዳል፤ ነገር ግን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መዝጊያው ላይ ከተቀመጠች በደንብ አይዘጋም፣ ይህንንም ከውጭ የሚያይ የለም። በቧንቧውና በውሃው መካከል የሚተው የአየር ክፍተት ግን አይዝግም፣ አሸዋም አያግደውም።

ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ የሮቶውን፣ ክዳን ይከፍታል። ውሃ የሚያስገባው ቧንቧ ጫፍ፣ ውሃው ሞልቶ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ በላይ፣ ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት፤ ለግማሽ ኢንች ቧንቧ አንድ ኢንች። ብዙ ጊዜ ግን ጫፉ በላስቲክ ቱቦ ተቀጥሎ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይገኛል። ባለቤቶቹ የሚፈስሰው ውሃ ድምፅ እንቅልፍ ስለነሣቸው ያስቀጠሉት ነው። ቅሬታቸው እውነት ነው፤ ቱቦው ግን መነሣት አለበት። ድምፁን ተንሳፋፊውን ቫልቭ በማስተካከል ወይም ግፊቱን በመቀነስ ማለዘብ ይቻላል።

ከመሬት በታች በተቀበረ ታንከር ላይ ደግሞ የትርፍ ውሃ መውጫውን መከተል ይገባል። ለጽዳት ሲባል በቀጥታ ከማንሆል ጋር የተገጠመ ከሆነ፣ ክረምት ላይ ፍሳሹ ሲዘጋ ቆሻሻው ወደ መጠጥ ውሃው ይገባል። ባለሙያው ቱቦውን ይቆርጠዋል፤ ጫፉ ላይ የነፍሳት መከላከያ ወንፊት ያስርና ከማንሆሉ ፍርግርግ በላይ አየር ላይ ይተወዋል።