ስለ ቃል ፈተናና ስለ ውጤቱ ማብራሪያ

በሕክምና ትምህርት የቃል ፈተና የተፈታኙን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚሰጠውን ፍርድም ይመዝናል። አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅን በመሰለ ተቋም ለሚሠለጥን ዕጩ ሐኪም ይህ ሚዛን ተገቢ ነው። ሆኖም ሚዛኑ ራሱ ሊመዘን ይገባዋል። «በራሱ አይተማመንም» የሚል ማብራሪያ የፈታኙን ስሜት ይገልጽ እንደሆነ እንጂ የተፈታኙን ስሕተት አያሳይም። የትኛውን የሕመም ምልክት ዘነጋ? የትኛውን ምርመራ ያለ ቦታው አዘዘ? ለዚህ መልስ የሌለው ውጤት ይቀጣል እንጂ አያስተምርም።

ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረቡት ዘዴ ጉድለቱን በከፊል ያቃልላል፤ ይኸውም ተፈታኞች ሁሉ በየጣቢያው በተራ እያለፉ አንድ ዓይነት ተግባር ይፈጽማሉ፣ በአንድ ዓይነት የመመዘኛ ዝርዝርም ይታረማሉ። ይሁን እንጂ ዝርዝር ብቻውን አይበቃም። በቅኔ ቤት መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሰምቶ ስሕተቱን ከነቦታው ያርማል፤ ተማሪውም የት እንደሳተ ዐውቆ ይሄዳል።

የወደቀ ተፈታኝም የተጠየቀውንና የመለሰውን በዕለቱ ጽፎ ከማብራሪያው ጋር ማስተያየት ይገባዋል። እውነት የሆነውን ይቀበል፤ ያልተብራራውን በአክብሮት ይጠይቅ። ነገ በእጁ የሚገባው የሰው ሕይወት ነውና መጠየቁ እንደ ድፍረት ሊቆጠርበት አይገባም። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ተማሪውን አስቁሞ በቃል የሚጠይቅ መምህርም ከነጥቡ አስቀድሞ ምክንያቱን ሊጽፍ ይገባል።